«በሩን ቆልፉ፣ መድኃኒቱን አብዙ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «በሩን ቆልፉ፣ መድኃኒቱን አብዙ» የሚል ጽሑፍ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር በየስልኩ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ከአንድ በላይ ሰው ልኮልኛል፤ አንዳንዱ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጨንቆት፣ አንዳንዱ ደግሞ «ይኸው፣ ስለ እናንተ ነው» ብሎ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) የምሠራ ነርስ ነኝ። ጽሑፉ ውስጥ እውነት አለ። የሚያቀርባቸው መፍትሔዎች ግን በሥራ ላይ ቢውሉ ሰው ይጎዳሉ ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የቅርብ ዘመዳቸው በመኪና አደጋ ተጎድተው አይሲዩ ገቡ፤ ከጉዳታቸው ማገገም ጀምረው ሳለ እዚያው አልጋ ላይ በያዛቸው ኢንፌክሽን አረፉ። ከዚህ ተነሥተው ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። ኢንፌክሽኑን የሚያመጣው ጠያቂና አስታማሚ ስለሆነ በሩ ይቆለፍ። የሚገባው ታካሚ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ይጀመርለት። ሠራተኛው ከጠዋት እስከ ማታ ጓንት አያውልቅ። ክፍሉ በየቀኑ በረኪና ይረጭ። ይህም ሆኖ ገንዘብ ተገኝቶ እንደ ውጭ አገር ያለ ሆስፒታል እስኪሠራልን ድረስ ብዙ ለውጥ አይጠበቅ። በመጨረሻም ኢንፌክሽን የያዘውን ታካሚ ሲንከባከብ የነበረው ነርስ በስሙ ተጠርቶ ይቀጣ።

ለቤተሰቡ መጽናናትን እመኛለሁ። ዋናው ክሳቸው፣ ማለትም ሰው ሊድን በገባበት ሆስፒታል ሌላ በሽታ ይዞት ይሞታል የሚለው፣ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች መካከል በሀብታም አገሮች 7ቱን፣ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ደግሞ 15ቱን ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። ከተያዙት ውስጥ በአማካይ ከ10 አንዱ ይሞታል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ጽሑፉን «ስም ማጥፋት» ያሉት ባልደረቦቼ ይህን ቁጥር ቢያዩት ጥሩ ነው።

ከጸሐፊው የምለየው በምክንያቱና በመፍትሔው ላይ ነው።

ከበሩ ልጀምር። ጠያቂ እንደሚበዛ አይካድም። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው ሲታመም ሰፈር ይነቃነቃል። ከሳቢያንም ከገንደ ቆሬም፣ ከጁገል ውስጥም ከገጠሩም ተሰብስቦ ይመጣል። አልጋው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ አለ፣ ጉንፋን ይዞት የሚገባ አለ፣ ሕፃን አዝሎ የሚገባ አለ። ይህ መቆም አለበት፤ እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ነገር ግን አይሲዩ ውስጥ ሰው የሚገድሉት ተህዋስያን የትኞቹ ናቸው? በብዛት የምናገኛቸው አሲኔቶባክተር፣ ክሌብሲየላ፣ ሱዶሞናስ የሚባሉት ናቸው። መድኃኒት የተለማመዱት ዓይነቶቻቸው የሚፈለፈሉት አንቲባዮቲክ በብዛት በሚሰጥበት በሆስፒታሉ ውስጥ ነው። አሲኔቶባክተር በደረቅ ዕቃ ላይ፣ በአልጋ ብረትና በሞኒተር ቁልፍ ላይ፣ ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ደግሞ ከአልጋ አልጋ የሚዘዋወር ሰው ነው። ያ ሰው ሐኪሙ ነው፣ ነርሷ ናት፣ የጽዳት ሠራተኛው ነው። እናት የምትዳስሰው የልጇን ግንባር ብቻ ነው። እኔ ግን በአንድ ፈረቃ የብዙ ታካሚዎችን ቱቦ እነካለሁ።

በር መክፈት ኢንፌክሽን ያበዛ እንደሆነ በብራዚል ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት በ36 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ቤተሰብ በቀን እስከ 12 ሰዓት እንዲቆይ ሲፈቀድና ጥየቃው ሲገደብ ያለውን ልዩነት አወዳደረ። ረጅም ጥየቃ ከተፈቀደላቸው ታካሚዎች ኢንፌክሽን የያዛቸው 3.7 በመቶ፣ በተገደበው ጊዜ ደግሞ 4.5 በመቶ ነበሩ፤ ከአጋጣሚ የማያልፍ ልዩነት ነው። ቤተሰቡ ግን ዝም ብሎ አልገባም፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ተምሮ ነው የገባው።

በእኛ ሁኔታ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አስታማሚ ማለት እዚህ ጠያቂ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው፣ ታካሚው እንዳይቆስል ስናገላብጠው በሌላው ወገን የሚይዝልን፣ ገላውን ስናጥብ የሚያግዘን እርሱ ነው። በሌሊት ነርስ ሲያንስ በሩን ቆልፎ አስታማሚውን ማባረር ማለት ማገላበጡ ይቀራል፣ የጀርባ ቁስል ይመጣል ማለት ነው። ቁስሉም ራሱ የኢንፌክሽን መግቢያ ይሆናል።

በሩ ላይ የሚያስፈልገው ቁልፍ ሳይሆን የሚያስረዳ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ከሽንሌ የመጡ እናት ማስታወቂያ በተለጠፈበት በር ፊት ቆመው አየሁ። ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ እርሳቸው ሶማልኛ ብቻ ነው የሚችሉት። ወረቀቱን አይተው ሊያልፉ ሲሉ ሶማልኛ የምትናገር የጽዳት ሠራተኛ ጠጋ ብላ ነገረቻቸው። እናት ሻሻቸውን ወደ ኋላ አድርገው ለሶላት እንደሚታጠቡት ጣት በጣት፣ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ማንም ሳይነግራቸው ወደ ባልዲው ነበር የሚሄዱት። ድሬና ሐረር ላይ ማሳሰቢያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሐረሪ ካልተነገረ ግማሹን ሰው ሳያስረዱ መውቀስ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይግባ፣ የታመመ አይግባ፣ አልጋ ላይ አይቀመጥ፣ ሲገባም ሲወጣም እጁን ያጽዳ። ጸበል ወይም ዘምዘም ለሚያመጡም እንዲሁ በአክብሮት ይነገር፦ ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፤ ውሃው ግን ቁስልና ቱቦ አይንካ፣ መዋጥ የማይችል ሰው አፍ ውስጥም አይግባ።

ሁለተኛው፣ «ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ጠንካራ አንቲባዮቲክ ይጀመርለት» የሚለው፣ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወዶታል። መድኃኒት ሲታዘዝ የቤተሰብ ልብ ይረጋል፤ ሐኪምም አንዳንዴ ልቡ እንዲያርፍ ያዝዛል። አንቲባዮቲክ ግን በሰውነት ውስጥ ያሉትን ደካማ ተህዋስያን ጠርጎ ቦታውን ለማይሞቱት ይለቅላቸዋል። ዛሬ ያለ ምክንያት ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሲወስድ የሰነበተ ታካሚ ነገ በመተንፈሻ ማሽን (ቬንትሌተር) ላይ እያለ የሳንባ ምች ቢይዘው፣ ሴፍትሪአክሶን የማይነካው ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያኔ ከእርሱ የሚጠነክረው ሜሮፔኔም ይታዘዛል። ቤተሰብም ሜሮፔኔም ፍለጋ ከከዚራ እስከ መጋላ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞራል፤ ያለውን ሸጦ ይገዛል። ሜሮፔኔምም የማይገድለው አሲኔቶባክተር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017ም በ2024ም ባወጣቸው ዝርዝሮች አዲስ መድኃኒት በአስቸኳይ ከሚያስፈልጋቸው ተርታ አስቀምጦታል። በዚያ ላይ ተህዋስያን በቱቦው ግድግዳ ላይ ዝልግልግ ሽፋን ሠርተው ስለሚቀመጡ፣ ቱቦው እያለ መድኃኒቱ በወጉ አይደርስባቸውም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የማምንላቸው ነገር አለ። ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ገብቶ ሰውነት እየወደቀ ያለ ታካሚ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስፈልገዋል፤ ለእርሱ መዘግየት ሞት ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጥ አንድ መጠንም ተገቢ ነው። የዘመዳቸውን ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርብም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት አንጎላቸው ተጎድቶ በማሽን ለሚተነፍሱ ታካሚዎች ቱቦው በገባ በ12 ሰዓት ውስጥ 2 ግራም ሴፍትሪአክሶን ሲሰጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው የሳንባ ምች ከ32 በመቶ ወደ 14 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ግን ልብ በሉ፤ አንድ ጊዜ፣ ለተለየ ታካሚ፣ ከዚያ በቃ። ጸሐፊው የሚጠይቁት ለሁሉም፣ በየቀኑ፣ መጨረሻው ሳይታወቅ ነው።

ጓንትን በተመለከተ ያየሁትን ብናገር ይሻላል። ነርሷ ጓንት አጥልቃ 2 ቁጥር አልጋ ላይ ያሉትን ታካሚ አክታ በማሽን ትስባለች። ሞኒተሩ ይጮኻል፤ በዚያው ጓንት ቁልፉን ተጭና ታጠፋለች። ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ ቻርቱ ላይ ትጽፋለች። በዚህ መሃል የ3 ቁጥሩ ጉሉኮስ ቆሟል፤ ሮጣ ሄዳ የደም ሥር መስመሩን ከፍታ ታስተካክላለች። ጓንቱ አልወለቀም። የእርሷ እጅ ንጹሕ ነው፤ የ2 ቁጥሩ አክታ ግን ሞኒተሩ ላይ፣ እስክሪብቶው ላይ፣ የ3 ቁጥሩ ደም ሥር ደጃፍ ላይ ደርሷል። ጸሐፊው «አያውልቁት» ያሉት ይህንን ነው። ጓንት ለአንድ ታካሚ፣ ለአንድ ሥራ ነው፤ ሲወልቅም እጅ ይጸዳል፣ ምክንያቱም ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ ሲወልቅም እጅን ይበክላል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጓንት ውስጥ የዋለ እጅ በላብ ርሶ፣ ቆዳው ተልጦ ነው የሚወጣው። የተላጠ ቆዳ ያለው ሰው አልኮል ስለሚያቃጥለው እጁን ማጽዳት ይሸሻል።

እጅ ማጽዳት ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ለሚል፣ በጄኔቫ ሆስፒታል አልኮል ከየአልጋው አጠገብ ተደርጎ ሠራተኛው ሲለማመድ የእጅ ንጽሕና አጠባበቁ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1997 ከ48 ወደ 66 በመቶ ከፍ አለ፤ በሆስፒታሉ የሚይዘው ኢንፌክሽንም ከ1994 እስከ 1998 ከ16.9 ወደ 9.9 በመቶ ወረደ። ፍጹም አልሆኑም። ከሦስት ጊዜ አንዱን ያኔም ይዘነጉ ነበር፤ ሆኖም ይህን ያህል ለውጥ መጣ።

በረኪና ስለ መርጨቱ ባጭሩ። በክፍል ውስጥ ኬሚካል በአየር መርጨትን እንደ መደበኛ አሠራር የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ጊዜም አልመከረም። የተረጨው ቆሻሻ ላይ ሲያርፍ ኃይሉን ያጣል፣ ዕቃው ሥር አይደርስም፣ በማሽን የሚተነፍስን ሰው ሳንባ ደግሞ ያውካል። የሚሠራው በጨርቅ መወልወል ነው፤ መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በበረኪና፣ እጅ በሚበዛበት ቦታ ሁሉ፦ የአልጋ ብረት፣ የማሽን ቁልፍ፣ የጉሉኮስ መስቀያ፣ ስቴቶስኮፕ። 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፣ ከፀሐይ ይራቅ። ይህን የምትሠራው የጽዳት ሠራተኛ ሥልጠናም ጓንትም ከሁሉ መጨረሻ የሚደርሳት መሆኑን ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ አብሬ እጮኽ ነበር።

አሁን ጽሑፉ አንድም ቦታ ያላነሣው ነገር ላይ ልድረስ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነውና። አይሲዩ ውስጥ ሰው ኢንፌክሽን የሚይዘው በአብዛኛው እኛ በምናስገባው ቱቦ በኩል ነው። ቆዳ ተህዋስያን ወደ ደም እንዳይገቡ ይከለክላል፤ የደም ሥር ካቴተር፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ ይበሳዋል። ሳል ሳንባን ያጸዳል፤ የመተንፈሻ ቱቦ ሳሉን ያግደዋል። ሽንት ሲወርድ መንገዱን ያጥባል፤ የሽንት ካቴተር ደግሞ ተህዋስያን የሚወጡበት መሰላል ይሆናል። የሽንት ካቴተር በቆየ ቁጥር በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ተህዋስያን በሽንት ውስጥ የመገኘት ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ በየጠዋቱ ዙር ላይ ሐኪሙ በየአልጋው ሊጠየቅ የሚገባው «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ነው። «ለማንኛውም ይቆይ» የሚባል ካቴተር አለ፤ ነርስ ሽንት መለካት ስለሚቀላት፣ ሐኪም ስለ ረሳው፣ ዕረፍት ቀን ስለሆነ። ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማንም ቁልፍ አይገዛም።

ቱቦው የግድ ከሆነ ደግሞ አያያዙ አለ። በስፔን ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በጀርባቸው ዝርግ ብለው ከተኙት በማሽን የሚተነፍሱ ታካሚዎች 34 በመቶው፣ ራስጌያቸው ከፍ ከተደረገው ግን 8 በመቶው ብቻ የሳንባ ምች ይዟቸዋል ተብለው እንደተጠረጠሩ አገኘ። የሚመከረው የራስጌ ከፍታ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ነው። መዘውሩ የተሰበረ አልጋ ቢሆን እንኳ ፍራሹ ሥር የሚገባ ነገር አይጠፋም። የታካሚውን ጥርስ በብሩሽ ማጽዳት የሳንባ ምችን እንደሚቀንስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ብሩሽ ደግሞ ከየሱቁ ይገኛል። የሽንቱ ከረጢት ከታካሚው በታች ይንጠልጠል፣ ወለል ግን አይንካ። የደም ሥር ካቴተሩን የሚሸፍነው ጎዝ በ2 ቀን፣ ግልጹ ፕላስተር ደግሞ በ7 ቀን ይቀየር ይባላል፤ ከረጠበ ወይም ከላላ ግን ወዲያው ነው። በድሬ ግንቦት ላይ ይህ «ከረጠበ» የሚለው ቃል ሁሉም ነገር ነው። ጠዋት የተለጠፈው ከሰዓት በኋላ በላብ ተላቆ ጠርዙ ሲነሣ ይታያል፤ ሥሩ እርጥብና ሞቃት ነው፣ ቀዳዳውም እዚያው አለ። መመሪያውን ከቀዝቃዛ አገር ቀድቶ «ገና 7 ቀን አልሞላውም» ማለት አያዋጣም።

«ገንዘብ ከሌለ አይሆንም» ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ዶክተር ኢግናዝ ሰመልዋይስ ሐኪሞች እናቶችን ከማዋለዳቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ፣ ከ100 እናቶች እስከ 18 ይገድል የነበረው ትኩሳት በወራት ውስጥ ወደ 2 ገደማ ወረደ። ያኔ አንቲባዮቲክም ኤሌክትሪክም አልነበረም። በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት ከ100 በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች አምስት ነገሮችን አጥብቀው ያዙ፦ እጅ መታጠብ፣ ካቴተር ሲገባ ሙሉ ጋውንና መሸፈኛ፣ ቆዳን ክሎርሄክሲዲን በሚባል ተህዋስያን ገዳይ ፈሳሽ ማጽዳት፣ ከተቻለ በብሽሽት በኩል አለማስገባት፣ የማያስፈልገውን ካቴተር ማውጣት። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤት በ1,000 የካቴተር ቀን (አንድ ታካሚ ካቴተር ይዞ የሚያሳልፈው አንድ ቀን እንደ አንድ ይቆጠራል) በአማካይ 7.7 የነበረው የደም ኢንፌክሽን በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 1.4 መውረዱን አሳየ።

በእርግጥ ሚቺጋን ጋውን አላለቀባትም፤ ጸሐፊው ይህን ቢመልሱልኝ ልክ ናቸው። ሐረር ላይ ውሃ የሚጠፋበትን ቀን የማያውቅ የለም። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ በነበረበት ጊዜ ከድሬዳዋ በኩል ሽቅብ በሚሳብ ውሃ ላይ ተንጠልጥላ የቆየች ከተማ ናት። ሮቶው ባዶ በሆነበት ሌሊት «እጃችሁን ታጠቡ» ማለት ተገቢ አይደለም። ግን ለዚህ መልስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ማጽጃ አሠራር ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሮል፣ ቀሪውን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይላል። ይህን የሆስፒታል ፋርማሲ ራሱ መቀመም ይችላል፤ በኮሮና ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲያመርቱት አይተናል። ያኔ የተቻለ ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። እጅ በግልጽ ከቆሸሸ ወይም ታካሚው ተቅማጥ ካለው ግን ሳሙናና ውሃ የግድ ነው፤ ለዚያ የሚሆን አንድ ባለ ቧንቧ ባልዲ ለአይሲዩ መለየት አለበት። ገንዘብ በእርግጥ የሚጠይቀው የነርስ ቁጥር ነው። አንድ ነርስ ብዙ አልጋ ከያዘች ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ እጇን የምታጸዳበት ጊዜ አይኖራትም። ጸሐፊው «ገንዘብ» ሲሉ ይህን ቢሉ ኖሮ ክርክር አይኖረንም ነበር።

በመጨረሻ ቅጣቱ። እያወቀ ታካሚን ቸል ያለ ሰው ይጠየቅ፤ ማንም አይከላከልለትም። ኢንፌክሽን በተገኘ ቁጥር ግን የነርስ ስም ከተጠራ የሚቀንሰው ምርመራው ነው። ትኩሳት የያዘው ታካሚ ደም ለካልቸር፣ ማለትም ተህዋሱን አብቅሎ ለሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ካልተላከ ተህዋሱ አይታወቅም፤ ካልታወቀ ኢንፌክሽን የለም ይባላል። ጸሐፊው «ሌላው ሆስፒታል አንድም ኢንፌክሽን አላስመዘገበም» ብለው ያመሰገኑት ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ አለው ወይ ብለው አልጠየቁም። የማይመረምር ቦታ ሁልጊዜ ዜሮ ያስመዘግባል። ቁጥሩም ብቻውን አይነግርም፦ በ1,000 የካቴተር ቀን 10 ኢንፌክሽን ያገኘ ክፍል፣ በ100 የካቴተር ቀን 2 ካገኘው በግማሽ የተሻለ ነው፤ በጽሑፉ ስሌት ግን የሚቀጣው የመጀመሪያው ነው።

ከነርስ ስም ይልቅ በየወሩ በአይሲዩ በር ላይ ይህ ቁጥር ይለጠፍ፤ ስንት የካቴተር ቀን፣ ስንት የማሽን ቀን፣ ስንት ኢንፌክሽን። የጸሐፊው ቤተሰብም ከሆስፒታሉ መልስ ማግኘት አለበት፦ ኢንፌክሽኑ በየትኛው ቱቦ ገባ፣ ቱቦው ስንት ቀን ቆየ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ያስፈልግ ነበር ወይ፣ ካልቸር ተሠርቶ ምን በቀለ፣ የተሰጠው መድኃኒት ያንን ተህዋስ ይገድል ነበር ወይ። ይህን በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ። ጥያቄውን በማዘጋጀት መርዳት ቢያስፈልግ ፈቃደኛ ነኝ።